ሻማ አይደለንም

ከዓመት ዓመት የማያረጅ አንድ ንግግር አለ። በምረቃ ቀን ይነገራል፤ በወላጆች ስብሰባ ይነገራል፤ የመምህራን ቀን ሲከበር ደግሞ ሳይነገር አይታለፍም። «መምህር እንደ ሻማ ነው፤ ራሱ እየቀለጠ ለሌላው ያበራል» የሚለው ነው። ተናጋሪው ይኸን ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ አዳራሹ ያጨበጭባል፤ ከኋላ የተቀመጡት ጀማሪ መምህራንም አብረው ያጨበጭባሉ። እኛ በዚህ እትም ይኸን ሻማ እፍ ብለን ልናጠፋው ተነሥተናል። ሻማ አይጠይቅም፤ አይማርም፤ የቤት ኪራይ አይከፍልም፤ ሲያልቅም ከሱቅ ሌላ ይገዛል። ሰውን ሻማ እያለ የሚያሞግስ፣ ያ ሰው እንዲያልቅ አስቀድሞ የፈረደበት፣ ለማለቁም ምክንያቱን ላለመጠየቅ የፈለገ ነው።

ይኸን የምንለው መጻሕፍት ቤት ተቀምጠን አይደለም። ከመካከላችን ገሚሶቹ ለማስተማር ልምምድ ወደ ቀራንዮ ተልከን በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል ፊት ቆመናል። አምና ተመርቀው የወጡት ባልንጀሮቻችን ደግሞ በዚያው አካባቢ ተመድበው የመጀመሪያ ዓመታቸውን በመግፋት ላይ ናቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ግቢያችን ብቅ እያሉ ያጫውቱናል። የትምህርት ቤቶቹን ስም አንጠራም፤ ክሳችን ባንድ ርዕሰ መምህር ላይ ሳይሆን በአሠራሩ ላይ ነውና። ስለ ቀራንዮ ስንጽፍ በስሙ እየተጫወትን፣ መስቀል ስለ መሸከምና ዳገት ስለ መውጣት አንድ ገጽ ለመሙላት በቻልን ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለው ጨዋታ ዞሮ ዞሮ ከሻማው ጋር ስለሚያገናኘን ትተነዋል።

ቀራንዮ ከከተማው በስተ ምዕራብ ዳር ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የታክሲ ሰልፍና የእግር ጉዳይ ነው። በጀማሪ ደመወዝ የሚከራይ ክፍል ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ከማይገኝባቸው መምህራን አንዱ የሆነው ባልንጀራችን ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ለመድረስ ሲል ሳይነጋ ከቤቱ ይወጣል። ልጆቹን ከተማው ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ቤት ስለሚመግብ ቁርሳቸውን በልተው ይገባሉ፤ እሰየው እንላለን። መምህሩ ግን ወሩ ሲጋመስ ሻይ ክበብ ውስጥ የሻዩን ሒሳብ በዱቤ ማስጻፍ ይጀምራል። ይኸን ያህል ስለ ደመወዝ ከተናገርን ይበቃል፤ ሌሎች ከእኛ አብልጠው የሚናገሩበት ጉዳይ ነው። እኛ የምንለው ደመወዙ ነገ በእጥፍ ቢጨመር እንኳ ስለማይቃናው ነገር ነው።

ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ያገራችን ትምህርት የእንጀራ ልጆች ናቸው። እስከ 1986 ዓ.ም. መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ይባሉ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአምስተኛና ከስድስተኛ ጋር አጣምሮ የአንደኛ ደረጃ ሁለተኛ እርከን አደረጋቸው። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ ደግሞ እንደገና ነጥሎ መካከለኛ ደረጃ አላቸው። ሦስት ስም፣ ያው የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ። ስም በተለወጠ ቁጥር ማኅተም ይቀረጻል፤ በበሩ ላይ ሰሌዳ ይጻፋል። በዚህ ዕድሜ ያለውን ልጅ ለማስተማር የሚሄደው አዲስ ሰው በመጀመሪያው መስከረም ማን ይቀበለዋል የሚለው ጥያቄ ግን በሦስቱም ስም ሳይመለስ ኖሯል።

መቀበል ማለታችን አበባ መስጠት አይደለም። አንድ ምሳሌ እናምጣ። በአዲስ አበባ ልጁ እስከ ስድስተኛ ክፍል ሒሳቡንም ሳይንሱንም በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማራል፤ ሰባተኛ ሲገባ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ይሆናል። በሰኔ «ላዕል» እና «ታሕት» ይል የነበረ ልጅ በመስከረም «ኒውመሬተር» እና «ዲኖሚኔተር» በል ይባላል። «ብርሃን አስተፃምሮ» ብሎ ያጠናው «ፎቶሲንተሲስ» ሆኖ ይመጣበታል፤ «ሕዋስ» ያለው «ሴል» ይሆንበታል። ልጁ ነገሩን ያውቀዋል፤ አዲሱን ስም ግን አያውቀውም፤ ስሙን ስላላወቀ ነገሩንም እንደማያውቅ ይቈጠርበታል። የሒሳብ መምህር የሆነው ባልንጀራችን በመጀመሪያው ሳምንት «ዲኖሚኔተር ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆ ክፍሉ ዝም አለው። በሁለተኛውም ሳምንት ዝም አለው። ከታች የመጡት ምንም ሳይማሩ ነው ብሎ ክፍልፋይን ከሥሩ ማስተማር ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ለጓደኛው «ታሕት እኮ ነው የሚለው» ሲል ተሰማ፤ ክፍሉ በሙሉ «ኧ!» አለ። ከዚያ በኋላ ጥያቄ ሲጠየቅ የሚነሣው እጅ ብዛት ለመቍጠር ያስቸግር እንደ ነበር ነግሮናል።

ሦስት ሳምንት ነው የጠፋው። አንድ ነባር መምህር በነሐሴ መጨረሻ «ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን ወር በሁለቱም ስም እየጠራህ አስተምር» ብሎት ቢሆን ኖሮ አይጠፋም ነበር። ይኸን ለመንገር ምን በጀት ያስፈልጋል? ምን ጉባኤ መጠራት አለበት? ያን ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ያገለገሉና ነገሩን ከማንም የበለጠ የሚያውቁ መምህራን በዚያው የመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጠው ነበር። ክፉዎች ሆነው አይደለም ያልነገሩት፤ መንገር የማንም ሥራ ስላልሆነ ነው።

ጠቅላላ ሳይንስ የሚባለውም አለ። ባዮሎጂን፣ ኬሚስትሪንና ፊዚክስን ባንድ መጽሐፍ አስሮ ላንድ መምህር የሚያስረክብ ነው። በባዮሎጂ የተመረቀች ባልንጀራችን ስለ ሰው አካል ስታስተምር ክፍሉ በእጇ ነበር፤ ወደ ፊዚክሱ ስትደርስ ከተማሪዎቿ አንድ ገጽ ብቻ እየቀደመች ማታ ማታ ታጠና ጀመር። ከእሷ በሁለት ክፍል አልፎ የሚያስተምረው መምህር ደግሞ የፊዚክስ ሰው ነው፤ እሱም በፈንታው ስለ አበባ ክፍሎች ሲደርስ ማታ ማታ ያጠናል። ሁለቱ ተለዋውጠው አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ ቢያይ ምን ነበረበት? ቢፈልጉም አይችሉም፤ በአንድ ሰዓት ላይ ነው ሁለቱም የሚያስተምሩት።

አሁን ወደ ደብተሩ እንምጣ። ለአንደኛ ደረጃ ባንድ ክፍል 50 ተማሪ የሚል መመዘኛ ለብዙ ዘመን ሲነገር ቆይቷል። መመዘኛው ተከብሯል እንበልና እናስላ። አምስት ክፍል የያዘ መምህር 250 ደብተር አለበት። ላንድ ደብተር ሦስት ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ 750 ደቂቃ፣ ማለትም 12 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ይኸ ላንድ የቤት ሥራ ነው። ተከታታይ ምዘና የሚባለው ደንብ ደግሞ የቤት ሥራ፣ የክፍል ሥራ፣ አጭር ፈተና፣ የቡድን ሥራ እያለ ይቀጥላል። ስለዚህ መምህሩ ሳያነብ ራይት መምታት ይለምዳል፤ ልጁም ሳይነበብ መመታቱን ያውቃል፤ እየቈየም ራይት እንዲመታ ያህል ብቻ መጻፍ ይለምዳል። ሁለቱ ተግባብተው አንዱ የጻፈ፣ ሌላው ያነበበ ይመስላሉ። ነባሩ መምህር ከዚህ የሚወጣበት ዘዴ አለው፤ የትኛውን ደብተር በየትኛው ሳምንት ማየት እንደሚገባው፣ ምኑን በልጆቹ እርስ በርስ ማሳረም እንደሚቻል ከዓመታት ልምድ ያውቀዋል። አዲሱ ግን ያን ዘዴ እስኪያገኝ ድረስ ወይ ይታመማል ወይ መዋሸት ይጀምራል።

በዚህ ላይ ድልድሉ አለ። የክፍል ድልድል ሲወጣ ነባሮቹ የለመዱትን ይይዛሉ፤ ማንም ያልፈለገው ክፍል ይቀርና ለአዲሱ ይሰጣል። የዚያው ክፍል ኃላፊነትም ይጨመርለታል፤ ወጣት ነውና የክበብ ተጠሪነትም ይጨመርለታል፤ ሮስተር መሥራትም «አንተ ኮምፒዩተር ትችላለህ» ተብሎ ይጨመርለታል። ሐኪም ቤት ውስጥ ማንም ያልደፈረውን ቀዶ ሕክምና ትናንት ለተመረቀው ሐኪም የሚሰጥ አለን? በትምህርት ቤት ግን ይኸ ሥርዓት ነው፤ የሚያፍርበትም የለም።

ደስታ የለውም አንልም። ያለ ደስታ ቢሆን ኖሮ ባልንጀሮቻችን እስከ ጥቅምትም ባልቆዩ ነበር። ከቤተል ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ላይ ከታክሲ መስኮት «ቲቸር!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ሰው አንገቱን ቀና ያደርጋል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ገና ስለ ውጤት መጨነቅ አልጀመረም፤ ገና «ለምን?» ይላል። «ዜሮ ከመታወቁ በፊት ሰው ምንም የሌለውን ነገር እንዴት ይቈጥር ነበር?» ብላ የጠየቀች ልጅ አለች፤ የጠየቀችውም መስከረምን በሙሉ ድምፅዋ ሳይሰማ ከከረመ በኋላ ነው። ባልንጀራችን መልሱን ለማግኘት ወደ እኛ መጥቶ ሦስት ሆነን አንድ ቅዳሜ አንብበንለት ሄደ። ለሌላው ረዥም ባልንጀራችን በሁለተኛው ሳምንት «ዲሽ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት፤ ምክንያቱን እስከ ዛሬ አልነገሩትም፤ እሱ ግን ስም ያልወጣለት መምህር ገና መምህር አልሆነም እያለ ይኰራበታል። ጠመኔ የነካው ሁሉ የሚያውቀው ደስታ ነው። በኅዳር ወር ግን ያቺ ዜሮን የጠየቀች ልጅ ሌላ ጥያቄ ስታነሣ «አሁን ጊዜ የለንም፤ ይዘቱን መሸፈን አለብን» ተባለች። ይኸን የነገረን ራሱ መምህሯ ነው፤ ሲነግረን ያየንበትን ፊት አንረሳውም።

ይኸ ሁሉ አስቀድሞ ያልታሰበበት ቢሆን ኖሮ «ይታሰብበት» ብለን በጻፍን ነበር። ነገር ግን ታስቦበታል። ትምህርት ሚኒስቴር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ያወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ፣ አዲስ የተመደበ መምህር ሁለት ዓመት የሚፈጅ የሙያ ትውውቅ መርሐ ግብር እንዲያልፍ፣ በአማካሪ መምህር እንዲደገፍ ያዛል፤ ሌላውም መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለሙያው ማሻሻያ እንዲያውል ይላል። መልካም ሰነድ ነው። እኛ ባየናቸው ትምህርት ቤቶች የሰነዱ ዕጣ እንዲህ ነው፤ አማካሪ ይሰየማል፤ ስሙ በሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ አማካሪውና ጀማሪው ባንድ ሰዓት ያስተምራሉና አንዱ የሌላውን ክፍል የሚያይበት አንዲት ክፍለ ጊዜ በፕሮግራሙ ውስጥ አትገኝም። ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው ሲባል ጀማሪው ማታ ቁጭ ብሎ «ከአማካሪዬ ጋር የተወያየንበት ነጥብ» የሚለውን ሠንጠረዥ ከራሱ ልብ አውጥቶ ይሞላል፤ አማካሪው ጠዋት ይፈርማል። ከጀማሪ መምህርነት ወደ መለስተኛ መምህርነት ለማለፍ ፋይሉ ስለሚያስፈልግ ፋይሉ ሳይጐድል ይቀመጣል። ሌላው ሁሉ ቢጐድል የሚጠይቅ የለም።

«እኛም እንዲሁ ነበርን፤ ገና ነህ፣ ትለምደዋለህ» ይሉናል ታላላቆቻችን። እናከብራቸዋለን፤ ግን ምኑን ነው የሚለምደው? ሳያነቡ ራይት መምታቱን ከሆነ በእርግጥ ይለምደዋል። ደግሞ የዛሬ ስልሳ ዓመት ግድም የነበሩትን ተማሪዎች የሚጠቅሱልን አሉ። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር የያኔዎቹ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ወጥተው፣ አብዛኞቹም በመምህርነት አገልግለው ተመልሰዋል፤ የማስተማር ሥልጠና የሌላቸውም ነበሩባቸው። ታሪኩ ያኰራል፤ ያገራቸውን ገጠር በዓይናቸው አይተው መምጣታቸው ኋላ ለተነሣው ጥያቄ ሁሉ ስንቅ ሆኗቸዋል። እነሱ ግን ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ግቢያቸው የሚመለሱ ነበሩ። ለዚያ አዲስ ሰው መለማመጃ የሆነው የሰባተኛ ክፍል ልጅ ያን ዓመት የሚመልስለት ማን ነው? መምህርን ለማመስገን የታሪክ ምሳሌ ካስፈለገ ሌላ አለ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሴክተር ሪቪው የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው ሥራ ያቆሙት መምህራን ሻማ አልነበሩም። የሚናገሩ ሰዎች ነበሩ።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ አገር ተንጫጫ። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ሆነ። ስለ ፈተናው ጥበቃ፣ ስለ ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ፣ ስለ ስልክና ስለ ኩረጃ ያልተባለ የለም። በ2014 የተፈተነው ልጅ ክፍል ሳይደግም ከመጣ ሰባተኛ ክፍል የነበረው በ2009 ነው። በዚያ ዓመት ማን አስተማረው፣ መምህሩስ ስንተኛ ዓመቱ ነበር ተብሎ ሲጠየቅ አልሰማንም። ጣሪያው ሲያፈስ ሁሉም ወደ ላይ ያንጋጥጣል።

ሌላው ዓለም እንዴት እንደሚሠራ ብንጠቅስ «ሀብታሞች ናቸው» እንደሚባል እናውቃለን፤ ቢሆንም እንጠቅሳለን። ጃፓን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1989 ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤት አዲስ መምህር የመጀመሪያ ዓመቱን በሥልጠና እየተደገፈ እንዲያስተምር በሕግ አስገድዳለች። ስኮትላንድ በ2002 የጀመረችው ሥርዓት ደግሞ አዲሱ መምህር ከሙሉው የማስተማሪያ ጊዜ 70 በመቶውን ብቻ እንዲይዝ፣ በቀረው እንዲማርበት አደረገ፤ በኋላ የነፃውን ጊዜ ቢቀንሱትም ሥርዓቱን አልሻሩትም።

የሀብት ነገር ነው ከተባለ እንግዲህ ሒሳቡን በቀራንዮ እንሥራው። አንድ ትምህርት ቤት ሦስት ጀማሪ መምህራን አሉት እንበል። በሳምንት 25 ክፍለ ጊዜ ከያዙ አምስት አምስት እንቀንስላቸው፤ 15 ሆነ። ለሦስቱ አማካሪዎች ሁለት ሁለት እንቀንስ፤ 6። ድምሩ 21 ነው። ይኸ የአንድ መምህር ሙሉ ሥራ እንኳ አይሞላም። አንድ ሰው ቢቀጠር ሦስት አዲስ መምህራን የባልንጀራቸውን ክፍል ገብተው ያያሉ፤ አማካሪዎቻቸውም የእነሱን። የቀረው ጥያቄያችን ምንም ወጪ የለበትም፤ ይኸውም ማንም ያልፈለገው ክፍል ለጀማሪ አይሰጥ፤ የመጀመሪያ ዓመት መምህር የክፍል ኃላፊነትና የክበብ ተጠሪነት አይደራረብበት፤ አማካሪውና ተመካሪው የሚገናኙበት ሰዓት ፕሮግራሙ በነሐሴ ሲሠራ አብሮ ይሠራ። ለክፍለ ከተማውም ለትምህርት ቤቶቹም የምንጽፈው ይኸን ነው።

ለራሳችንም ሰፈር የምንለው አለን። «ምን ደረሰህ?» ሲባል «ትምህርት» ብሎ እንደ ሐዘንተኛ አንገቱን የሚደፋ ባልንጀራችንን እንታዘበዋለን፤ እሱን እያዩ የሚሥቁትን የሌላ ፋኩልቲ ተማሪዎችማ ሰባተኛ ክፍል ያስተማራቸውን ሰው ስም እንዲያስታውሱ ብቻ እንጠይቃቸዋለን። መምህሮቻችንም እንዳይቀየሙን እየለመንን ይኸን እንላለን፤ ለልምምድ በወጣንበት ጊዜ የመጣልን መዛኝ ከኋላ ወንበር ላይ አርባ ደቂቃ ተቀምጦ ቅጹን ሞልቶ ሄደ። ያን ቀን ልጆቹ «እንግዳ አለ» ተብለው አስቀድሞ ተነግሯቸው ስለ ነበር እንደ ቅዳሴ ጸጥ ብለው ነበር። ስለዚህ የተመዘነው የልጆቹ ጨዋነት ነው እንጂ የእኛ ማስተማር አይደለም። የማስተማር ዘዴ የሚያስተምሩን መምህራን እያንዳንዳቸው በዓመት አንድ ሳምንት በቀራንዮ አንድ ሰባተኛ ክፍል ይዘው ቢያስተምሩ፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር የሚሰጡን ትምህርት ምን ያህል እንደሚለወጥ መገመት አያቅትም። እኛም ቅጹን ይዘን ከኋላ እንቀመጣለን።

ይኸን ጥያቄ የያዘው ደብዳቤ በተማሪዎች ኅብረት ጽሕፈት ቤት ተቀምጧል፤ ፊርማ የሚሰበሰበው እስከ መጪው ዓርብ ነው። ከመምህሮቻችን መካከል ለሳምንቱ ፈቃደኛ የሆነ ስሙን ከታች ይጻፍ። ሳምንቱን ራሱ ይምረጥ፤ ክፍሉንና ሰዓቱን ግን ባልንጀሮቻችን ይመርጡለታል፤ ከምሳ በኋላ ያለውን፣ ማንም ያልፈለገውን።